አደባባዩ ለእግረኛዋ እናትም ይሁን

ለመሆኑ በከተማችሁ መኻል፣ ሻይ ሳታዝዙና ማንንም ሳታስፈቅዱ፣ ጥላ ሥር አረፍ ያላችሁት መቼ ነው? ጥያቄው ተራ ሊመስል ይችላል። ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ከገበያ ለምትመለስ እናት ግን ተራ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ በዛሬው የሴቶችና የቤተሰብ አምዳችን ስለ አደባባይ እንጫወታለን።

ይህን ጥያቄ ወደ ልቤ ያመጣችው እናቴ ናት። እናቴ የምትኖረው በቆሰበር ከተማ ዳር ነው። በአንድ የጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ልጄን ይዤ እሷው ዘንድ ሰነበትኩ። በበዓሉ ጧት ከቤት ልንወጣ ስንሰናዳ ውሃ ቀድቼ አቀረብኩላት።

«አይ፣ እኔ ከተማ የምውል ቀን ውሃ አልጠጣም» አለችኝ።

ጾም መስሎኝ፣ «ምነው? ዛሬ ምን ቀን ሆነና?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጾምስ አይደለም። ወንዱ አጥር ሥር ይቆማል። እኔ የት ልግባ?» ስትል መለሰችልኝ።

እኅቶቼ፣ ይህን መልስ ለብዙዎቻችሁ ማብራራት አያስፈልገኝም። እናቴ ይህን ልማድ ያመጣችው ዛሬ አይደለም። በወጣትነቷ ወደ ዳንግላ ገበያ በእግሯ ትመላለስ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አብሯት ኖሯል። በሌላም ከተማ እንዲሁ ታደርጋለች። ጉዳዩም የአንድ ከተማ ጉድለት ብቻ አይደለም። በየሄድንበት ከቤት ከወጣንበት እስክንመለስ ውሃ ሳንጠጣ የምንውል ሴቶች ብዙዎች ነን። ይህም ለኩላሊትና ለሽንት ቧንቧ ሕመም እንደሚያጋልጥ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያስገነዝቡት ነው። በተለይም ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ጉዳቱ የከፋ ነው።

ያን ዕለት ሌላም ነገር አስተዋልኩ። እናቴ በደከማት ጊዜ የተቀመጠችው በአንዲት ደግ ባለሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ባጃጁ ከዚህ፣ የጭነት መኪናው ከዚያ ሲመጣ የልጄን እጅ ለአፍታ ሳልለቅ ዋልኩ። ልጄ «እማዬ፣ ትንሽ ልቀቂኝ» እያለች ብትለምነኝም አለቀቅኋትም። አንዲት ሕፃን በገዛ አያቷ ከተማ እጇ ሳይያዝ አሥር እርምጃ የምትራመድበት ቦታ ሊኖራት አይገባምን? 

የመንታ መንገድ ከተማ

ቆሰበር ዛሬ ይበልጥ የምትታወቀው እንጅባራ በሚለው ስሟ ነው። ኮሶ በር ብለው የሚጽፏትም አሉ። የአዊ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከ2500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ዋና መንገድ ከተማይቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ወደ ቻግኒና ከዚያም አልፎ ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለውም ከዚሁ ነው። በዚህ የተነሣ የአገር አቋራጩ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪና ከገጠር ድንች አሸክማ የመጣችው ገበሬ ሁሉም እዚያው ይገናኛሉ።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ጥር 23 ቀን፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይውላል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል። በዓሉም በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ፈረሶች የዋሉትን ውለታ የሚያስታውስ ነው። ፈረሶቹ በየዓይነቱ ጌጥ ተሽቆጥቁጠው፣ ጋላቢዎቹ ደምቀው ሲወጡ ከያቅጣጫው የሚጎርፈው ሕዝብ ብዛት እጅግ ያስደንቃል። ያን ዕለት ማንም ሰው «አደባባይ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው የሚመጣው በቀሩት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት የከተማይቱ መኻል የማን ነው? የመኪናው ነው ወይስ የሰው?

አደባባይና ማጀት

አባቶቻችን «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ይሉ ነበር። ችሎቱም ሸንጎውም አደባባይ የሚዋል ስለነበር፣ አባባሉ አደባባይን ለወንድ፣ ጓዳን ለሴት የሰጠ ነው። ዛሬ ይህን ተረት በአፉ የሚደግፍ ብዙ ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ ቃሉን ትተን ቦታውን ስናይ፣ ብዙ አደባባዮች አሁንም ተረቱን አክብረው የተሠሩ ይመስላሉ። ማረፊያ የላቸውም፤ መጸዳጃ የላቸውም፤ ሲመሽ መብራት የላቸውም። ሴቲቱን «አትምጪ» የሚላት ሰው ባይኖርም፣ ቦታው ራሱ ይላታል።

እንዲህም ሆኖ፣ ጥላ ያለውና ለእግረኛ የሚመች የጋራ ስፍራ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። የመንደር ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡት በዛፍ ጥላ ሥር ነው። አዲስ አበባ ጃን ሜዳ ለጥምቀት፣ ለፈረስ ጉግሥና ለኳስ ጨዋታ ሲያገለግል የኖረ ሰፊ መስክ ነው። በአማራ ክልል የአብያተ ክርስቲያናቱን ግቢ ብንመለከትም፣ ዙሪያው ሜዳና እርሻ በሆነበት አገር የጥንቱ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ተጠብቆ የሚገኘው በቅጥራቸው ውስጥ ነው። መንገደኛ እዚያ ያርፋል፣ እናት ልጇን እዚያ ታጠባለች፤ ማንም ቀና ብሎ አያያትም። ከተሞቻችን ሲሰፉ የረሳነው ይህንኑ የገዛ ልማዳችንን ነው።

ከመስቀል አደባባይ ምን እንማር?

በአገራችን አደባባይን እንደገና የመሥራት ጉዳይ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይ ነው። ይህ አደባባይ ብዙ ታሪክ አሳልፏል። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ አብዮት አደባባይ ተብሎ ቆይቶ፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በቀድሞ ስሙ ይጠራል። በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመርበታል፤ የመስቀል በዓልም በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጎሕ ሳይቀድ በግማሽ ክብ ደረጃዎቹ ላይ የሚሮጡት ወጣቶች፣ ወንዱም ሴቷም፣ ለከተማይቱ ልዩ መለያ ናቸው።

ታዲያ የቀድሞውን መስቀል አደባባይ በእግሩ ያቋረጠ ሁሉ ያስታውሰዋል። ብዙ መስመር ያለው ሰፊ አስፋልት ነበር። መኪናው ከአምስት አቅጣጫ ሲመጣ እግረኛው እጁን ዘርግቶ እየለመነ ይሮጥ ነበር። ልጅ የያዘች ሴት መኻል ላይ ደርሳ ወደፊትም ወደኋላም ማለት ሲያቅታት ማየት የተለመደ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. አደባባዩን እንደገና የመገንባት ሥራ ተጀመረ፤ ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ሥራው ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና አድርጎ እስከ መስቀል አደባባይ የሚደርሰው ትልቅ ፕሮጀክት አካል ነው። ከመሬት በታች ለ1400 ያህል መኪናዎች ማቆሚያ ተሠርቷል። በላይ በኩል ያለው ወለል ለእግረኛ ተነጥፏል፤ ደረጃዎቹ ታድሰዋል፤ ፏፏቴና መብራት ገብቷል። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲናፈስ፣ ወጣቶች ሲጫወቱ ይታያል። ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑን መካድ አይቻልም። መኪናን ከመሬት በታች አስቀምጦ መሬቱን ለሰው መልቀቅ በራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ከዕድሳቱ በኋላ እናቴ አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ይህንኑ ላሳያት ወሰድኳት። ጊዜው እኩለ ቀን ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ዙሪያውን በአድናቆት ተመለከተች፣ ከዚያም ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «መቼም ያምራል። ዛፉስ የታለ?» አለችኝ።

የእናቴ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የአደባባዩ የድንጋይና የአስፋልት ስፋት ከጥላው እጅግ ይበልጣል። መኪናም እስከ ዛሬ በመኻሉ ያልፋል። ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የበዓል ቦታ ስለሆነ ሜዳው ገላጣ መሆኑ ግድ ነው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ መልሱም እውነትነት አለው። ነገር ግን መኻሉን ለበዓል ገላጣ አድርጎ፣ ዳር ዳሩን በሰፋፊ ጥላ ዛፎች መክበብ ይቻላል። ለቆሰበር የሚበጀውም ይኸው ነው። ፈረስ የሚጋልብበት መኻል፣ አያትና ሕፃን የሚያርፉበት ዳር!

መንገዱን ለሰው መልቀቅ

ሁሉም ነገር በብዙ ገንዘብ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» የተባለው ቀን ተጀመረ። በዚያ እሑድ የተመረጡ መንገዶች ለመኪና ተዘጉ። ብስክሌት የያዘው ብስክሌቱን፣ ኳስ የያዘው ኳሱን ይዞ ወጣ። የዚህ ዓይነቱን ልማድ የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ጀምራው የቆየች ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቶ ዛሬ በየእሑዱና በየበዓሉ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ይለቀቃል። ለዚህ ሲባል አንድም ሕንፃ አልፈረሰም። የተፈለገው መንገድ መዝጊያ፣ ጥቂት አስተናባሪዎችና ቁርጥ ያለ ውሳኔ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞችም ተስፋፍቷል። በተሠራባቸው ጎዳናዎች የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ የብስክሌት መስመር ተለይቷል፤ መብራት፣ ዛፍና የሕዝብ መጸዳጃ ተጨምሯል። ልጅ በጋሪ የምትገፋ እናትና ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቁታል። ባንጻሩም ለዚሁ ሥራ ሲባል ከኖሩበት ሠፈር፣ ከለመዱት ጎረቤት፣ ከዕድራቸውና ከደንበኞቻቸው የተነሡ ቤተሰቦች አሉ። የቤተሰብ አምድ አዘጋጅ እንደመሆኔ ይህን ሳላነሣ ባልፍ ሥራዬን አጓደልኩ ማለት ነው። ለአንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ደንበኛ ማለት የልጆቿ የትምህርት ቤት ወጪ ነው። የመንገዱ ውበት በሚለካበት ሚዛን ይህም አብሮ ሊመዘን ይገባዋል።

ዘጠኝ ዓመት ከሞላቸው በኋላ የጠፉት ልጃገረዶች

ስለዚሁ ጉዳይ ከተማሩ አገሮች መካከል ኦስትሪያ አንዷ ናት። በዋና ከተማዋ በቪየና እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 ገደማ አጥኚዎች በሕዝብ መናፈሻዎች ማን እንደሚጫወት ለማወቅ ቁጥር ያዙ። የተገኘው ውጤት አሳሳቢ ነበር። ሴቶች ልጆች ዘጠኝ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከመናፈሻው እየጠፉ ይሄዳሉ፤ ወንዶቹ ግን ይቀጥላሉ። የከለከላቸው ሰው አልነበረም። ነገር ግን ቦታው አንድ ወጥ ሜዳ ስለነበር ጉልበት ያላቸው ወንዶች በኳስ ይይዙታል፤ ልጃገረዶቹም ከመጋፋት ቤታቸው መዋልን ይመርጣሉ።

ከተማይቱ በ1999 ሁለት መናፈሻዎችን እንደገና አሠራች። አንዱን ትልቅ ሜዳ በትናንሽ ቦታዎች ከፋፈሉት፤ ለመረብ ኳስና ለመሳሰሉት ጨዋታዎች ቦታ ለዩ፤ የእግር መንገዱን አስተካከሉ፤ መብራት ጨመሩ። ልጃገረዶቹም ተመልሰው መጡ። ወንዶቹም ከቦታው አልተባረሩም።

እስቲ አንባቢያን፣ በየሠፈራችሁ ያለውን ሜዳ በዚህ ዐይን ተመልከቱት። ከትምህርት ቤት መልስ ማን ይጫወትበታል? የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ሴት ልጃችሁ በዚያን ሰዓት የት ናት? እኔ ራሴ በልጅነቴ ገመድ ዘለን፣ ሰኞ ማክሰኞ ተጫውተን የምናውቀው በደጃችን እንጂ በሜዳ አልነበረም።

ለቆሰበር የሚበጅ አደባባይ

በበዓሉ ማግሥት ድንች የሚቸረችሩ አንዲት እናት ዘንድ ቁጭ ብዬ ስንጫወት፣ አደባባይ ቢሠራ ምን እንደሚመኙ ጠየቅኋቸው። ሳያመነቱ፣ «አበባው ሲተከል እኔ እንዳልነቀል ነው የምመኘው» አሉኝ። ጥቂት አሰብ አድርገውም ጥላና ጭቃ የማያገኘው ትንሽ መደብ ቢኖር እንደሚበቃቸው ነገሩኝ። ከእኚህ እናት፣ ከእናቴና ከልጄ የሰማሁትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ለደጋ ከተማ የሚስማማ አደባባይ ምን ምን ቢኖረው እንደሚበጅ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ ማቋረጫው ነው። አገር አቋራጭ መንገድ በከተማ ሲያልፍ መኪናው የገጠሩን ፍጥነት ይዞ እንዳይገባ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰበው የመንገድ ደኅንነት ጉባኤ፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ አሳስቧል። ለዚህም ምልክት መስቀል ብቻውን አይበቃም። ማቋረጫውን ከአስፋልቱ ከፍ አድርጎ መሥራት፣ በመንገዱም መኻል እግረኛው ቆም ብሎ የሚጠብቅበት መከለያ ማበጀት ይገባል። በዚያን ጊዜ ሹፌሩ ወደደም ጠላ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ወንበርና ጥላ ነው። የአዊ ደጋ ቀርከሃ የታወቀ ነው፤ ባለ እጅ ጥበበኞችም አሉት። የዳስ ጣሪያና የማረፊያ መደገፊያ ከቀርከሃ ቢሠራ ገንዘቡ እዚያው አገር ይቀራል። ቀርከሃ ግን በቅጡ ሳይታከም ውጭ ከዋለ ነቀዝ ይበላዋል፣ ዝናብም ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ መቆም፣ በየጊዜውም መለወጥ አለበት። ወንበሩ መደገፊያና የእጅ ማስያዣ ቢኖረው ደግሞ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ያለ ረዳት ትነሣለች።

ሦስተኛው ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ጥላው ግን ስስ ነው፤ ውሃም ያበዛል። ለአደባባይ ዳር ኮሶ፣ ዝግባ፣ ብሳናና ወይራ ይመረጣሉ። በተለይ ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ከተማይቱም በስሟ ታስታውሰዋለች። ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ ሲሆን፣ እናቶቻችን ለኮሶ ትል መድኃኒት ያደርጉት የነበረው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። ይህን ለልጆች ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ማስተማር ምንኛ ደስ ይላል! ደግሞም አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል እንደማይገባ የአዊ ገበሬ ያውቃል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ብዙ ቤተሰብ ሲያስተዳድር ኖሮ፣ በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ጉዳት ደርሷል።

አራተኛው ወለሉ ነው። የአዊ ክረምት ረጅም ነው፤ ዝናቡም ብርቱ ነው። ሲሚንቶ የተደፋበት ሰፊ ወለል ጎርፉን ሰብስቦ ወደ ጉሊቱ ይለቀዋል። ኮብልስቶን ግን በየመገጣጠሚያው ውሃ ያሰርጋል፤ ሲሰበርም ተነሥቶ ይተካል። በዚህ ሥራ በየከተማው ብዙ ሴቶች ጠርበውና አንጥፈው ልጆቻቸውን አሳድገውበታል። ለፈረስ ግን ድንጋይ ያንሸራትታልና መኻሉ ሣርና ጠንካራ አፈር ይሁን።

አምስተኛው የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ በፕላን ላይ በመጨረሻ የሚታሰብ፣ ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ በመጀመሪያ የሚሰረዝ ነው። ለሴቶች የሚመደበው ክፍል ከወንዶቹ በቁጥር መብለጥ አለበት፤ ሴት ልብሷን ለማስተካከልና ልጇን ለመርዳት ጊዜ ይወስድባታልና። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ መብራትና ውሃ ያለው፣ ለወር አበባ ጨርቅ መጣያ የተዘጋጀለት ይሁን። ሕዝብ በሚያልፍበት ቦታ እንጂ በጀርባ ጨለማ ውስጥ አይሠራ። ጠባቂም ይኑረው። በዚህ ሥራ የተደራጁ ወጣቶች ጥቂት ሳንቲም እያስከፈሉ ንጽሕናውን ቢይዙት፣ እነሱም ይጠቀማሉ፣ ቤቱም ዓመት ሳይሞላው አይዘጋም።

ስድስተኛው ጉሊት ነው። የቸርቻሪዎች መደብ ከአደባባዩ ዳር ተለይቶ በፕላኑ ላይ ይሣል። ሻጮች ያሉበት አደባባይ ሲመሽም ሰው አለበት፤ ሰው ያለበት ቦታ ደግሞ ለሴት ልጅ አያስፈራም። ድንች የሚቸረችሩት እናት የሚቀመጡበት አደባባይ ያለ ደመወዝ ጠባቂ አገኘ ማለት ነው።

ከምረቃው በኋላስ?

አደባባይ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ጭብጨባ ይሰማል። በሦስተኛው ወር ቧንቧው ይዘጋል፤ በስድስተኛው ችግኙ ይደርቃል፤ በዓመቱ አጥር ይታጠርበታል። እንዲህ ዓይነቱን ያላየ ከተሜ ያለ አይመስለኝም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ ስንተክል ከርመናል። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማጠጣት ግን የሦስት በጋ ሥራ ነው። ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ጎዳናችንን የሚጠርጉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስለሆነም አዲስ አደባባይ ሲታሰብ የጠራጊዎቹ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ልብስ መለወጫና እጅ መታጠቢያ አብሮ ይታሰብ። ለአበባ ማጠጫ የሚሆን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያም አይረሳ፤ ክረምቱ በሚገባ ይሞላዋልና።

ከሁሉም በላይ ግን ፕላኑ ሳይጸድቅ ሴቶች ይጠየቁ። ለስብሰባ የሚጠሩት በሥራ ሰዓት ከሆነ፣ የሚመጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከቅዳሴ መልስ፣ በገበያ ቀን፣ በዕድርና በማኅበር ላይ ይጠየቁ። ፕላኑንም ወረቀት ላይ ብቻ ከማሳየት መሬቱ ላይ በኖራ አስምሮ፣ «ወንበሩ እዚህ ይሁን? ማቋረጫውስ?» ማለት ይሻላል። የኖራ መስመር ለመሰረዝ ቀላል ነው፤ የተገነባ ድንጋይ ግን ለማፍረስ ያስቸግራል።

የእናንተ ድርሻ

እንግዲህ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ የማዘጋጃ ቤትና የመሐንዲስ ሥራ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። በመጪው እሑድ አንድ ነገር እንድታደርጉ ልለምናችሁ። ልጃችሁንና እናታችሁን ይዛችሁ የከተማችሁን መኻል ከዳር እስከ ዳር በእግር ሂዱ። መቀመጫ ስንት ነው? ጥላ የት ነው? መጸዳጃው ክፍት ነው ወይስ ተቆልፏል? የልጃችሁን እጅ መልቀቅ የቻላችሁት ስንት እርምጃ ያህል ነው? ቆጥራችሁ በወረቀት ጻፉት። ለዕድራችሁ አንብቡት፤ ለቀበሌያችሁም ስጡት። «ይሠራልን» ብሎ በደፈናው ከመጠየቅ «እዚህ ቦታ ይህ ይጎድላል» ማለት መልስ ለማግኘት ይቀላል።

አባወራዎችም ከዚህ ምክር ውጭ አይደላችሁም። እናንተ በአጥር ሥር የምትጨርሱትን ጉዳይ ሚስታችሁና ልጃችሁ ቀኑን ሙሉ ታግሠውት እንደሚውሉ አስታውሱ። አጥሩ የሚሸተውም በእናንተው ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሲነሣ ዝም አትበሉ።

የዚያን የጥር 23 ምሽት ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር ከእንስራው ውሃ መቅዳት ነበር። አንዱን ጣሳ ጠጥታ ሁለተኛውን ደገመች። ልጄ አያቷን ትኩር ብላ አይታ፣ «እንደዚህ ጠምቶሽ ለምን አልጠጣሽም?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ሳቅ ብላ፣ «ስታድጊ ይገባሻል» አለቻት።

እኔ ግን ልጄ ስታድግ ይህ እንዲገባት አልፈልግም። እናንተስ?

እስከሚቀጥለው ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።